አማቴ፣ አውራ ዶሮውና የማክሰኞው ውዳሴ

ወንድ ልጅ ሁሉ ደፋር ነው የሚለውን ወሬ መጀመሪያ ያስወራው ሰውዬ፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ዶሮ አርዶ አያውቅም!

እናንተዬ፣ እኔ ደም ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል። አዲስ አበባ እናቴ ቤት ሳለሁ ይህ ገመናዬ ተሸፍኖልኝ ኖሯል። የበዓል ዶሮ ሊታረድ ሲል ሆዴን ይቆርጠኝና ወደ ጓሮ እጠፋለሁ፤ ስመለስ ወንድሜ አርዶት፣ ላባው ሲነጭ እደርሳለሁ። ወጡ ሲበላማ ሆዴ ደህና ነው! ታዲያ የፈሩት ይደርሳል አይደል? ለጸሐፊነት አሰላ ተመደብሁ፤ አስካለን አገባሁ፤ አምና የመጀመሪያው ፋሲካችን ሲደርስ አማቴ ወይዘሮ የሺመቤት ከበቆጂ መጡ። ባዶ እጃቸውን እንዳይመስላችሁ! ጥጃ የሚያህል ቀይ አውራ ዶሮ ታቅፈው ነው።

«በእርስዎ እጅ እንዲባረክ ብዬ ነው ያሳደግሁት» አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

መቼም ሴት ዶሮ ታርድ ዘንድ ወጋችን አይፈቅድም። በአቅራቢያችን ያሉት ወንድ ደግሞ በአጥር የሚዋሰኑን ሐጂ ቃሲም ብቻ ናቸው፤ ባለ ልኳንዳ። በሬ ለሚጥል እጅ ዶሮ ምኑ ነው? ግን ሃይማኖት ነዋ! እሳቸው ያረዱትን እኛ አንቀምስም፣ እኛ ያረድነውን እሳቸው አይቀምሱም። እንግዲህ የዚያ ሁሉ ጾም መፍቻ፣ ያውም የአማቴ ዶሮ፣ በእኔ በፈሪው እጅ ላይ ወደቀ። ካላረድሁት አማቴ በቆጂ ገብተው «ልጄን ለሴት ድሬያታለሁ» ማለታቸው አይቀርም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቄጤማዬን ግንባሬ ላይ አስሬ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ የዶሮውን ክንፍ በእግሬ ረግጬ ቢላዋዬን አነሣሁ። አማቴ ከኋላዬ ቆመዋል። አስካለ የፈላ ውሃ ይዛለች። ሐጂ ቃሲም አጥራቸው ላይ ተደግፈው ያያሉ።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» አልሁ። እጄ አልታዘዝ አለ። ምን ላድርግ? አባታችን ሆይን ጨመርሁ። እጄ እንደ ቆመ ነው። ጸሎተ ሃይማኖትን እስከ መጨረሻው ደገምሁ… ዶሮው አሁንም በሕይወት አለ! የኔታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በኩርኩም ያስጠኑኝ ውዳሴ ማርያም ትዝ አለኝና የሰኞውን ጀመርሁ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ በዚያ ጭንቅ ማን ያስተውላል! የማክሰኞው ላይ ስደርስ ዶሮው ዓይኑን ጨፍኖ አንቀላፋ።

«እንስሳው እንኳ ጸሎት ሲሰማ!» አሉ አማቴ፣ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።

ሐጂ ቃሲምን ግን ማን ያታልላል! ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ ሰውዬ… ፈርተህ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ዝም ይበሉኝ ሐጂ፣ አማቴ ይሰማሉ!»

«ጀባዱ!» አሉኝ፤ በርታ ማለታቸው ነው።

በርትቼ ላማትብ እጄን ሳነሣ፣ ለካ እግሬም አብሮ ተነሥቷል! ዶሮው ነቃ፣ በረረ፣ ሐጂ ቃሲም ግቢ ዱብ!

«ሐጂ! በነቢዩ ይዤዎታለሁ፣ ቢላዋ እንዳያነሡ!» ብለው ጮኹ አማቴ።

«ኧረ በማርያም፣ ባዶ እጄን ነኝ!» አሉ ሐጂ።

በድንጋጤ መሐላ ተለዋወጡ እኮ! ሐጂ ቃሲም ዶሮውን በአጥሩ ላይ ሲመልሱልኝ ጆሮዬ ሥር «ጸሎትህን ቀጥል። እኔ ስስል፣ ዓይንህን ሳትጨፍን፣ ጎትት!» አሉኝ። የረቡዑን ውዳሴ ጀመርሁ። ሐጂ «እህ!» ብለው ሳሉ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም… ብቻ ሆነ! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዶሮው ቀድሜ መሬት ላይ የተዘረርሁት እኔ ነኝ።

«ስግደቱንም አላስቀሩ!» ብለው አማቴ እልልታቸውን አቀለጡት።

ወጡ ሲቀርብ «ፈረሰኛው ለእርስዎ ነው» ተባልሁ። በላሁታ! አይበላም?

እፎይ ብዬ ዓመቱን ስዝናና ከርሜ፣ ዘንድሮም ቅዳሜዋ መጣች። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አማቴ ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው ሴቶች ተሰልፈዋል፤ ባሏ የሞተባት፣ ባሏ ለሥራ ጢቾ የወረደባት፣ ባሏን ደህና አድርጋ ቤት ትታው የመጣችም ሳትቀር፣ እያንዳንዷ አውራ ዶሮዋን ታቅፋለች። ለካ አማቴ «አማቼ ሳይጸልዩ አያርዱም፤ እሳቸው የባረኩት ወጥ ጣዕሙም ሌላ ነው» ብለው ለአገሩ ሁሉ አዳርሰዋል!

«ይባርኩልን!» አሉ በአንድ አፍ።

ዓይኔን ወደ አጥሩ ወረወርሁ። ሐጂ ቃሲም ወንበር አውጥተው፣ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል።

«ጀባዱ!» አሉኝ፣ የዶሮዎቹን ሰልፍ ከዳር እስከ ዳር አይተው። «ጸሎትህ ይበቃሃል… ወይስ ከእኛም ትንሽ ላበድርህ?»