ዶኛ ኤውቲሚያ፣ የማስቲካችን ሊቀ ታሪክ

ዶኛ ኤውቲሚያ ቹክ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰው እጅጌ ጨምድደው ይዘዋል። የሰውየው አንድ እግር በሩን አልፏል፤ ሌላው ግን ተማርኳል።

«ይህን በር ታየዋለህ? አባቴ ከጫካ ሲወጣ በዚህ ነው የገባው። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርህ!»

አባታቸው ዶን ጉመርሲንዶ በዚያ በር ሲገቡ ዶኛ ኤውቲሚያ አልተወለዱም። ማንም ይህን አያነሳም። ያነሳ ሰው የልደታቸውንም ታሪክ ይሰማል።

በዓለም ላይ ያለ ፋብሪካ ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለው። ማሽን ይበላሻል፣ ሥራ አስኪያጅ ይቀየራል፤ እሱ ግን በሩ አጠገብ ቆሞ ሰሚ ይጠብቃል። በኪንታና ሮ ክፍለ ሀገር ጫካ ዳር ላለችው ከተማችን የደረሱን ክብርት ዶኛ ኤውቲሚያ ናቸው፤ የ«ኤል ቱካን» ማስቲካ ፋብሪካ ባለቤት፣ ዋና ቀማሽ፣ በራሳቸው ፈቃድ የተሾሙ ሊቀ ታሪክ። ፋብሪካ ስል አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት ትልልቅ ድስቶችና ማስቲካ የሚጠቀልሉ ዘጠኝ ሴቶች ማለቴ ነው።

ታሪኩ እንደ ሰሚው ይለዋወጣል። ለቄሱ ሲነገር ፋብሪካው የተመሠረተው በሕልም በመጣ ትእዛዝ ነው። ለግብር ሰብሳቢው ሲሆን መሥራቹ፣ ሙጫ ለቃሚው ዶን ጉመርሲንዶ፣ የሚለብሱት ሱሪ እንኳ አልነበራቸውም። ለቱሪስት ደግሞ የማያ ንጉሥ የልጅ ልጅ ናቸው። እኔ ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ጃጓር ያለበትንም ጭምር። ጃጓሩ በየዓመቱ ያድጋል። አንድ ቀን ለምሳ ፓኑቾ ልገዛ ወጥቼ በሩ ላይ ያዙኝና፣ ጃጓሩ ሳይሞት መሸ። ከዚያ ወዲህ በፋብሪካው በኩል አላልፍም፤ በመቃብሩ ቦታ ዞሬ ነው የምሄደው።

ባለፈው ክረምት ግን መሄድ ነበረብኝ። ኢንጂነር ቦሊዮ ከሜሪዳ መጡ። ለባሕር ዳርቻው ሆቴሎች ማስቲካ የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። ከ«ኤል ቱካን» ጋር ከተዋዋሉ ፋብሪካው ይኖራል፤ ካልተዋዋሉ ድስቶቹ ይሸጣሉ፣ ሴቶቹም የሆቴል አንሶላ ሊያጥቡ ይበተናሉ። ይህን ከተማው በሙሉ ያውቃል። ግቢው ጢም ብሎ ሞላ።

የኢንጂነሩ ፊት አልተፈታም። «እመቤቴ፣ ባለፈው ዓመት ማስቲካውን ራሴ ልሠራ ከሌላ ቦታ የገዛሁት ሙጫ ውስጥ ድንጋይ ነበረበት። ማሽኔን ሰበረብኝ» አሉ።

ነገሩ እዚህ አገር የታወቀ ነው። ማስቲካ የሚሠራበት የሳፖቴ ዛፍ ሙጫ የሚሸጠው በክብደት ነው። ለቃሚው ጫካ ውስጥ አፍልቶ እንደ ጡብ ሲያረጋው መሐሉ ላይ ድንጋይ ይቀብራል፤ ገዢው በገጀራ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ሁለቱም ሳይቀያየሙ በሚቀጥለው ዓመት ይገናኛሉ።

የዶኛ ኤውቲሚያ ፊት ቲማቲም መሰለ። «ድንጋይ? እዚህ ቤት? ያውልዎት የአባቴ የመጀመሪያ ጡብ!»

መደርደሪያው ላይ፣ ከድንግል ሥዕል ሥር፣ አንድ የጠቆረ ጡብ አለ። እሑድ እሑድ ሻማ ይበራለታል።

«ዶኛ፣ ኧረ ይተዉት!» አለች የሴቶቹ አለቃ ኔልሲ። «የሟች አደራ ነው።»

«ዝም በይ! የአባቴ እጅ ማታለል አያውቅም። ገጀራ አምጪ!»

ገጀራው መጣ። ሰነዘሩ። ጡቡ ንቅንቅ አላለም።

«ዶሮ ነው እንዴ የሚያርዱት? በርታ ይበሉ እንጂ!» አለ አንዱ ከበሩ።

ደገሙት። በሦስተኛው ጡቡ ለሁለት ተሰነጠቀና እንቁላል የሚያህል ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ።

ዶኛ ኤውቲሚያ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። ኢንጂነሩ ሊሄዱ ባርኔጣቸውን አነሱ። እኚህ ሴት አንድ ቀን ዝም እንዲሉ ስንት ዓመት ተመኝቻለሁ! ዝም ሲሉ ግን አላስቻለኝም።

«ዶኛ ኤውቲሚያ!» ብዬ ጮህኩ። «የድንጋዩን ታሪክ አይነግሯቸውም እንዴ?»

እኔን አዩኝ። ድንጋዩን አዩት። ከዚያ ደረታቸው ቀስ እያለ ሲነፋ ሳይ ልጨበጭብ ምንም አልቀረኝ!

«ኢንጂነር፣ ይቀመጡ!» አሉ። «የዚያን ጊዜ ገዢ ሚዛን ያጎድል ነበር። አባቴ የተሰረቀውን ያህል የሚመዝን ድንጋይ መርጦ ቀበረ። ሚዛኑ ፊት ሲደርስ ግን እጁ እምቢ አለው። ‹እሱ ሌባ ነው ብዬ እኔም ልስረቅ?› አለና ጡቡን አቅፎ ተመለሰ። በማግስቱ የራሱን ድስት ጣደ። ማስቲካው የተጀመረው እንዲህ ነው። ውሸት ከመሰለዎት ይህ ጡብ እዚህ ምን ይሠራል? ቢሸጠው ኖሮ መደርደሪያዬ ላይ ይገኝ ነበር?»

ኢንጂነሩ ወደ ኔልሲ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«ድንጋዩ እውነት ነው፣ ኢንጂነር» አለች።

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ኢንጂነሩም ከንፈራቸውን ነከሱ፤ አልቻሉም፣ ሳቁ። «እንግዲያው የዘንድሮውን እንይ» አሉና ገጀራውን ራሳቸው ያዙ።

ግቢው ውስጥ የነበረውን ጡብ ሁሉ ሰነጠቁ። ድንጋይ አልተገኘም። ውሉ ከምሳ በፊት ተፈረመ።