የእሑድ ስልክና የመሥራቿ ሲስተር ታሪክ

የሲስተሮች ትምህርት ቤት ተማሪ አጋጥማችሁ ታውቃለች? «እንዴት አደርሽ» ስትሏት የትምህርት ቤቷን ታሪክ የምትጀምረዋን ማለቴ ነው። የኔዋ ልጅም እንደዚያ ሆናለች። ከቤታችን ከቢቸና ርቃ በካቶሊኮች የሴቶች ትምህርት ቤት አዳሪ ናት፤ ሲስተሮቹን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስልክ የሚፈቀድላት እሑድ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ በምሥረታው በዓል ታሪኩን በቃሌ የምወጣው እኔ ነኝ። አዳምጪኝ፤ ብሳሳት ንገሪኝ።»

«መጀመሪያ ምሳ በላሽ?»

«እማዬ ደግሞ! መሥራቿ ሲስተር በበቅሎ መጥታ...»

ሲስተሯ ከበቅሎ ሳትወርድ፣ የመጀመሪያዎቹ ሴት ልጆች ዋርካው ሥር ሳይሰበሰቡ ማን ያስቆማታል? የደብራችንን ታሪክ እንኳ የዚህን ያህል አላውቀውም።

«ጨረስኩ። ተሳሳትኩ እንዴ?»

አንድም ቦታ አልተሳሳተችም። ስልኩ ሲዘጋ ግን እስከሚቀጥለው እሑድ በዚህ ቤት የሚያናግረኝ የለም።

«መሃሉ ላይ ተሳስተሻል» አልኳት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። «ከመጀመሪያው ጀምሪው።»