የጀልባው መመለሻ ሽቦ

ሰው ስለማያውቀው ነገር ሲመክር ድምፁ ይደምቃል። ይህን የተረዳሁት ካራ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ ጀልባ ስሠራ ነው። ካራ ባሕር የለም። ሐይቅም የለም። የቧንቧ ውሃ እንኳን የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ እሱም ደስ ሲለው። ይሁን እንጂ በአጥራችን በኩል ያለፈ ሁሉ የባሕር ኃይል ጡረተኛ ሆነ። አንዱ ሆዱ ጠበበ ይላል፣ ሌላው አፍንጫው ረዘመ ይላል። ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ጠዋት ጠዋት፣ “ኖኅ፣ የጥፋት ውሃው መቼ ነው? ልብስ አስጥቻለሁ” ይሉኛል።

የጀልባው ሐሳብ የባለቤቴ ነበር። መሠረት ያደገችው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው። ወደዚያ ሄደን እንግዳ በጀልባ እያዞርን እንኖራለን አለች፤ እሺ አልኩ። ፋይበሩን አብረን ለጠፍን። ሞተሩ ሲገዛ ነበረች። ሲገጠም አልነበረችም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ልጃችን ሄለን አራት ዓመቷ ነው። አማቴ አቶ ላንቃሞ ከሐዋሳ ደውለው፣ እናት የሌላት ሕፃን አያቷ ዘንድ ብታድግ ይሻላል አሉኝ። እኔም ጀልባው ሊያልቅ ነው፣ ሥራ ልጀምር ነው፣ አሳድጋታለሁ አልኳቸው። እሳቸውም፣ “ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ። ሞተሩ ከተነሣ እንነጋገራለን። ካልተነሣ ልጅቷን ይዤ እመለሳለሁ” አሉ። የልጅ ጉዳይ በሽማግሌ ሲታይ፣ በዳኛም ሲታይ ሰምቻለሁ። ቁልፍ ሲዞር ሞተር በሚቀሰቅሰው ሞተሪኖ ሲታይ ግን የእኔ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ ስለ ባትሪ ገመድ ትንሽ ታገሡኝ። ሞተሩ የሚቀመጠው ጀልባው ጭራ ላይ ነው። ባትሪውም እዚያው ከሆነ ጭራው ይሰምጣል፣ አፍንጫው ሰማይ ያያል። ስለዚህ ባትሪው ወደፊት ይሄዳል፤ ገመዱም ጀልባውን ሙሉ ይጓዛል። ገመድ ሲረዝም ደግሞ መወፈር አለበት፤ አለበለዚያ ኃይሉን መንገድ ላይ ይበላዋል።

ይህን ጓደኛዬ ግዛቸውም ያውቃል። ግዛቸው ኮተቤ መንገድ ላይ ሚኒባስ የሚጠግን መካኒክ ነው። ችግሩ ሚኒባስ ብቻ መጠገኑ ነው። መኪና ላይ ከባትሪው አንድ ወፍራም ገመድ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል፤ መመለሻው የመኪናው ብረት ራሱ ነው። መካኒኮች ማሳ ይሉታል። ግዛቸው ወፍራሙን ገመድ ከዘረጋ በኋላ ጀልባው ላይ ማሳ የሚሆን ብረት ፈለገ። ጎኑን አንኳኳ። ፋይበር። ሆዱን አንኳኳ። ፋይበር። ትንሽ አሰበና፣ “ችግር የለም። መመለሻ ነው፣ ምን ሥራ አለው?” ብሎ የቤት መብራት ሽቦ ዘረጋልኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ራሱን ሲነቀንቅ ነገሩ የተጠና ይመስላል።

ቅዳሜ አማቴ አቮካዶ ጭኖ መጥቶ፣ አራግፎ በሚመለስ የጭነት ኢሱዙ መጡ። ሻይ አልፈልግም ብለው የተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀመጡ። የሄለን ሻንጣ በሩ አጠገብ ተዘጋጅቷል። የሞተሩ እግር ውሃ ውስጥ ካልሆነ ይቃጠላልና ወይዘሮ አስካለ የፈረቃ ውሃቸውን በርሜል ሙሉ ሰጡኝ። “ለልጅቷ ብዬ ነው እንጂ ለመርከብህ አይደለም” አሉ።

ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ አለና ቆመ። ደግሜ አዞርኩ። ጠቅ። ግዛቸው ባትሪው ሞቷል አለ። ባትሪው አዲስ ነው። የፕላስቲክ ሽታ መጣ። ውጭ የኢሱዙው ሹፌር ጥሩምባ ነፋ። አማቴ ወደ ሻንጣው ተመለከቱ፤ እኔም ሲመለከቱ ተመለከትኩ።

ወፍራሙን ገመድ ጨበጥኩት፤ ለብ ብሏል። ቀጭኑን ስነካው መዳፌን ለበለበኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ የሄደው ኤሌክትሪክ ሁሉ በዚህ ነው የሚመለሰው፤ አንዲት ጠብታ ሳትቀር። ለመሄጃው አስፋልት፣ ለመመለሻው የፍየል መንገድ ሠርተንለታል።

በር ወደሚበይደው ጎረቤት ሮጥኩ። አውራ ጣት የሚያክል የብየዳ ኬብል ሰጠኝ። ለሁለት ቆረጥነው፤ መሄጃና መመለሻ፣ እኩል ውፍረት። ብሎኑን ልናጠብቅ ስንል ፒንሳዬ የለም። ጠዋት የመሣሪያ ሳጥኔ ላይ ነበር። ግዛቸው ዕቃ ሲያይ እጁ እንደማያርፍ አውቃለሁና አምጣ አልኩት። “ያንተን ዝገት ፒንሳ ምን ላደርገው?” አለ ተቆጥቶ። ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። በሽንኩርት ቢላዋና በእግዜር ፈቃድ አጠበቅነው።

አዞርኩ። ተነሣ። የበርሜሉ ውሃ ፈንድቶ የወይዘሮ አስካለን የተሰጣ ልብስ አዳረሰው። እሳቸው ልብሱን እየጨመቁ ሞተሩን ያያሉ፤ ኖኅ የሚለው ስም እንኳን ትዝ አላላቸውም።

አማቴ ተነሥተው ሞተሩን ረጅም ጊዜ አዳመጡ። “መሠረት ሳትሰማው” አሉ። እኔም አጠፋሁት።

ከዚያ አማቴ፣ “ልጅቷ ካንተ ጋር ትሁን። እኔ ግን ባዶ እጄን ብገባ አያቷ በር አትከፍትልኝም” አሉ። ኢሱዙው ላይ ጀልባው ተጫነ። እናንተ እስክትመጡ ሐይቁን ይልመድ አሉኝ።

ማታ የሄለንን ሻንጣ ስፈታ ፒንሳዬን ከካልሲዎቿ ሥር አገኘሁት። ለምን ወሰድሽው አልኳት። “ስትፈልገው አባባ ላንቃሞ ቤት ትመጣለህ ብዬ ነዋ” አለችኝ።

ለግዛቸው አልነገርኩትም። እስከ ዛሬ ሌባው አንተ ነህ እንደምለው ነው። ለዚያ የመብራት ሽቦ ሲያንሰው ነው።