ደፋሩ ፊደል በሱቃችን ግንባር ላይ ይሰቀል ዘንድ የተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት
ቦታ፦ የቤተሰቡ የቤት ዕቃ መሥሪያ፣ ከመጋዙ ጀርባ

የተገኙ፦
ሰብሳቢ፦ የሱቁ ባለቤት
እናት፦ የሰብሳቢው ሚስት፣ የሽያጭ ኃላፊ
አናጢው፦ የሰብሳቢው ታናሽ ወንድም
ልጅቱ፦ የሰብሳቢው ልጅ፣ አዲሱን የፊደል ቅርጽ የነደፈችው። ድምፅ መስጠት አይፈቀድላትም፤ ከመናገር ግን ማንም ሊያግዳት አልቻለም።
ጸሐፊ፦ ቀቢው። ጽሕፈቱ ያምራል ተብሎ ሳይጠየቅ የተሾመ።

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አናጢው ነገር በወረቀት ስለማይገባው የሱቁን ስም በልጅቱ ፊደል፣ እንደ ልማዱ በወፍራም እንጨት ቆርጦ አምጥቷል። ወንበሮቹ ለደንበኛ ስለሄዱ ሰብሳቢው «በ» ላይ፣ እናት «ሀ» ውስጥ ተቀምጠዋል። አናጢው ካፖርቱን «ተ» ላይ ሰቅሏል።

አጀንዳ 1፦ የፊደሉ መልክ

ልጅቱ ፊደሉ ገና የሚመጣውን ዘመን እንዲመስል ሆን ተብሎ ወፍራም ተደርጎ የተነደፈ መሆኑን፣ ለፖስተር፣ ለአልበም ሽፋንና ለጌም መክፈቻ እንደሚሆን አስረዳች። አክላም፣ «የገዛ አባቴ ሱቅ ላይ ካልወጣ ሌላው ሰው በምን ያምነኛል?» አለች። ሰብሳቢው፣ «ልጄ፣ እኛ የምንሸጠው ቁም ሳጥን ነው፤ ጨረቃ የሚሄድ ደንበኛ የለንም» በማለት ተቃወሙ። እናት፣ ሰብሳቢው በሠርጋቸው ቀን የለበሱትን ሱሪ እንዲያስታውሱና ስለ መልክ ባይናገሩ እንደሚሻል አሳሰቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ ፊደሉ እንዲሰቀል፣ የሱሪው ጉዳይ ደግሞ በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ በአንድ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ክብደት

አናጢው፣ «ጋሼ፣ ይሄ ከተሰቀለ ፊደሉ ሳይሆን ግድግዳው ነው የሚወርደው» ሲል አስጠነቀቀ። ሰብሳቢው የሱቁ ስም እንዲያጥር ሐሳብ አቀረቡ። እናት ከሱቁ ስም ውስጥ የባላቸው ስም ይውጣ በማለት ደገፉ። ሰብሳቢው ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። ከረጅም ውይይት በኋላ ቀላሉ አንድ ፊደል ብቻ እንዲሰቀል ተወሰነ።

ልጅቱ ንድፏን ጠቅልላ ብብቷ ሥር አደረገች። ይህ በአጀንዳው አልተያዘም፤ ጸሐፊው ግን አንጀቱን ስለበላችው መዝግቦታል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

በዚህ መካከል አንዲት ደንበኛ ገብታ ሰብሳቢው የተቀመጡበትን ዕቃ ዋጋ ጠየቀች። ሰብሳቢው ተነስተው የተቀመጡበትን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩት። ደንበኛዋ «በ»ን ለሳሎኗ፣ «ሀ»ን ለልጇ ማንበቢያ መረጠች። ካፖርቱ ከወረደላት «ተ»ንም እንደምትወስድ ገለጸች። አናጢው ካፖርቱን አወረደ። ሰብሳቢው ማን እንደነደፈው ሲጠየቁ፣ «የኔ ልጅ ናት» አሉ። የተጠየቁት አንዴ ቢሆንም የመለሱት ሦስት ጊዜ ነው።

የመጨረሻ ውሳኔ

በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ግድግዳው ላይ ምንም አይሰቀል፤ የድሮው ማስታወቂያ ባለበት ይቆይ፤ የቀሩት ፊደላት በሙሉ ወደ ሱቁ መስታወት ፊት ለሽያጭ ይውጡ። ልጅቱ ከዛሬ ጀምሮ ድምፅ ትሰጣለች።

ስብሰባው 11 ሰዓት ላይ ተዘጋ። አባላቱ ቃለ ጉባኤውን የፈረሙት ቆመው ነው፤ መቀመጫቸው ተሸጧል።