ሁሉን ቻዩ የይለፍ ቃል

ምስጋና ለሚገባው ምስጋና መንፈግ ነውር ነውና፣ የምድር ቤቱ የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ ጋሼ ቁልፉ መሥሪያ ቤታቸውን ከአንዲት መስመር ጥገና እንዴት እንዳዳኑት መነገር አለበት። «ቁልፉ» የወጣላቸው ስም ነው። ሠራተኞቹ በዚህ ስም የሚጠሯቸው በሌሉበት ቢሆንም እሳቸው ያውቁታል፤ ይወዱታልም።

ነገሩ አንድ ሰኞ ጠዋት ተጀመረ። ሠራተኞቹ እንደ ወትሯቸው የጻፉትን ኮድ ከጋራ ማከማቻው አውርደው ወደሚሠራ ፕሮግራም ሊቀይሩት፣ በእነሱ አነጋገር ሊገነቡት ቢሉ፣ ኮምፒውተሩ «ፈቃድ የለም» ብሎ ድርቅ አለ። ከሠራተኞቹ አንዷ፣ ፕሮግራመሯ፣ አየት አደረገችና፣ ግንባታውን የሚያስጀምረው ፋይል «መሥራት ይችላል» የሚል ምልክት ሳይደረግበት ማከማቻው ውስጥ መግባቱን ደረሰችበት።

«ጋሼ፣ አንድ መስመር ትእዛዝ ናት። ምልክቱን እዚያው ማከማቻው ላይ ካስተካከልን ለሁላችንም ይሠራል» አለቻቸው።

ጋሼ ቁልፉ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚህ ምድር ቤት ወጥተው፣ መስኮት ያለው ፎቅ ላይ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ተብለው ለመቀመጥ ጸጉራቸው እስኪሸብት ጠብቀዋል። ሹመቱ የሚወሰነው በዚያው ወር ነው። ችግር በአንዲት መስመር ሲፈታ ቆሞ የሚያይ ኃላፊ ደግሞ ፎቅ ወጥቶ አያውቅም።

«ልጄ፣ ችግርን እንዲህ ማቃለል ጥሩ አይደለም» አሉ። «የሁሉ የበላይ በሆነው አካውንት እንገነባዋለን። የይለፍ ቃሉን የማውቀው እኔ ነኝ።»

«በእሱ ከገነባን የሚወጡት ፋይሎች በሙሉ የዚያ አካውንት ንብረት ይሆናሉ። ነገ መሰረዝ እንኳ አንችልም።»

«ታዲያ እኔ የት ሄጄ?»

ኮታቸውን ኪቦርዱ ላይ እንደ ድንኳን ዘርግተው የይለፍ ቃሉን ጻፉ። ፕሮግራሙ ተገነባ። ተጨበጨበ።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በማግስቱ የትናንቱን ፋይል መንካት የቻለ ጠፋ። ጋሼ ቁልፉ ተጠሩ፤ ኮታቸውን ዘርግተው ጻፉ፤ ችግሩ ተፈታ፤ አዲሶቹም ፋይሎች እንደ ታላላቆቻቸው የማይነኩ ሆነው ተወለዱ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞሩ ይውላሉ። ምሳቸውን ቆመው ይበላሉ፤ መጸዳጃ ቤት ቢገቡ እንኳ በር ላይ ሰው ይጠብቃቸዋል። ሚስታቸው ስትደውል «እኔ ከሌለሁ ይህ ቤት ይቆማል» ይሏታል። አልዋሹም፤ እንዲቆም አድርገው የሠሩት ራሳቸው ናቸው።

የሹመቱ ቀን ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጋሼ የዚህ ቤት ምሰሶ ናቸው። ምሰሶ ከቦታው አይነቀልም። ስለዚህ ሹመቱን ለወጣቱ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሰጥተናል። እኚህ ወጣት ከቦታቸው ቢነሱ የሚጎድል ሥራ አለመኖሩ ተጣርቷል።»

ተጨበጨበ። ጋሼ ቁልፉም አጨበጨቡ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ያሳዝኑ ነበር፣ እውነት ለመናገር። ወደ ምድር ቤት እንደ ወረዱ ፕሮግራመሯ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ያቺ መስመርሽ… አሁንም ትሠራለች?»

«ትሠራለች፣ ጋሼ። መጀመሪያ ግን የያዙብንን ፋይሎች ይመልሱልን።»

መለሱ። እሷም ምልክቱን ማከማቻው ላይ አስተካክላ ወደ ሻይዋ ስትዞር ሻዩ ገና ትኩስ ነበር።

በማግስቱ ፕሮግራሙ በየጠረጴዛው ያለ ማንም እርዳታ ተገነባ። ጋሼ ቁልፉ ኮታቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው ስልኩን ሲያዩ ዋሉ። የጠራቸው የለም። እነሆ አሁን ቢነሱ የሚጎድል ሥራ የለም፤ ለሹመት ሙሉ በሙሉ ብቁ ሆነዋል። የሚቀራቸው ቦታው እስኪለቀቅ መጠበቅ ብቻ ነው። አዲሱ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ገና ወጣት ናቸው፤ ጥርሳቸውን እንኳ አሟቸው አያውቅም።