ፎቶ በጎመን ውኃ

እውነቱን ለመናገር ጋሽ ኒያጎልን በደንብ አላውቃቸውም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ደረጃ ወጥተን ወርደናል፤ ከሰላምታ አልፌ ለማውራት ግን ድፍረቱ አልነበረኝም። ቢሆንም በቡልጋሪያዋ ሎቬች ከተማ በየሕንፃው እንደሳቸው ያለ አንድ ሰው አይታጣም፤ ለጠፋ ነገር ሁሉ ምትኩን ከወጥ ቤት የሚያመጣ፣ "ምን አስገዛህ? ቤት አለ!" ባይ።

ክቡርነታቸው ፊልም ያጥባሉ። የከተማው የፎቶ ዕቃ መደብር ሲዘጋ ሌላው ሰው ካሜራውን ሰቀለ፤ እሳቸው ጓዳ ገቡ። ምስል ማውጫው የሚበጠበጥ ቡና፣ የልብስ ሶዳና የቫይታሚን ሲ ክኒን ሆነ። ምስሉ እንዳይጠፋ የሚያጸናው ጨው ነው፤ ፊልሙ እንደ ዓሣ ተዘፍዝፎ ያድራል። በመሐል የቡናውን ሥራ የሚያስቆም ኮምጣጣ ነገር ያስፈልጋል። ሌላ ሰው ቢሆን ኮምጣጤ ያደርግ ነበር፤ እሳቸው በረንዳቸው ላይ ለክረምት በጨው ውኃ ተዘፍዝፎ ከሚኮመጥጠው የጥቅል ጎመን በርሜል ውኃውን ይቀዳሉ።

"ኮምጣጤ ይገዛል፤ ጎመን ግን ቤት አለ!"

ስለዚህ የሕንፃችን ሙሽሮች ሁሉ ቡናማ ናቸው፤ አልበማቸው ሲገለጥም ጎመን ጎመን ይላል።

"ቡናዬን ፊልም ጠጥቶ ጨረሰው! እኔ ሶዳውን ልጠጣ?" ይላሉ ባለቤታቸው እትዬ ፔንካ።

"አንቺ ስትጠጪው እንቅልፍ ያሳጣሻል፤ ፊልም ሲጠጣው ሰው ይወጣዋል።"

መደርደሪያቸው ላይ ግን ያልተከፈቱ ሁለት ቆርቆሮዎች ነበሩ፤ መደብሩ በተዘጋ ቀን የተገዛ እውነተኛ ኬሚካል። አንድ ሰው እጁን ከዘረጋ፣ "እንዳትነካ! ለቁም ነገር ነው የሚከፈተው" ይላሉ። የገዛ ልጃቸውን ሠርግ እንኳን በጎመን ነው ያጠቡት።

ባለፈው መኸር አባቴ ሞተ። ካሜራዬ ውስጥ አንድ ፊልም ቀረ። በየካቲቱ የወይን መግረዝ በዓል፣ የወይን ሐረግ አክሊል ደፍቶ ሳለ ያነሳሁት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፎቶ አልተነሳም። ወደ ዋና ከተማው ሶፊያ ልላከው አልኩ፤ መንገድ ላይ ቢጠፋስ? ሦስት ጊዜ የጋሽ ኒያጎል በር ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። በአራተኛው ራሳቸው ከፈቱት።

"ምንቾ፣ በሬን ልትሳለመው ነው የምትመላለሰው?"

"አባቴ ነው ያለበት። ሌላ የለኝም" ብዬ ፊልሙን ሰጠኋቸው። "ጋሼ... ጎመኑ ግን... ምናልባት ባይሆን..."

"ደግሞ አንተ ጎመኔን ናቅክ?" አሉና ዘጉብኝ።

አራት ቀን እህል አልወርድልህ አለኝ። በአምስተኛው ጠሩኝ።

አባቴ አክሊሉ ወደ ጆሮው ተንሸራቶ ይስቃል። ነጩ ነጭ፣ ጥቁሩ ጥቁር ነው። ሳላስበው ፎቶውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ምንም አይሸትም። ቀና ብዬ መደርደሪያውን አየሁ፤ አቧራው ላይ ሁለት ንጹሕ ክቦች ብቻ ቀርተዋል።

"ጋሽ ኒያጎል፣ ይህን በምን አጠቡት?"

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ በረንዳው ወጡ፤ የበርሜሉን ክዳን አነሱ።

"ምን ይገትርሃል? ዕቃ ይዘህ ና፤ ጎመን ትወስዳለህ።"