ፀሐይ የምትጠብቅ ባጃጅ

የምርምር ወሬ ሰምቶ ሥራ የሚያቆም ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ለእኔ እግዜር እንዲህ ያለውን አጎት አድርጎ ሰጥቶኛል። ጋሼ እንጅባራ ውስጥ ባጃጅ ይነዳሉ። ተመራማሪዎች የተጣለ ፕላስቲክንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን በፀሐይ ብርሃን ወደ ነዳጅ መቀየር እንደጀመሩ በሬዲዮ ሰሙ። ከዚያ ወዲያ ለቤንዚን መሰለፍ ተዉ። ባዶ ሃይላንድ ቆራርጠው በጠርሙስ ሞሉና የቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደ በርበሬ አሰጡት።

ዳንግላ የሥራ ፈተና ነበረብኝ።

«ጋሼ፣ እስከ መናኸሪያ ያድርሱኝ!»

«ነዳጁ አልደረሰም።»

«ለመሆኑ ካርቦኑን ከየት አመጡት?»

«ተንፍሼበታለሁ!» አሉ ኮራ ብለው።

በሐምሌ፣ በእንጅባራ፣ ፀሐይ! ጫማዬን አውልቄ በጭቃው ስሮጥ ከኋላዬ ተጣሩ፦ «ምን አስቸኮለሽ? ሊያባራ እኮ ነው!»

ተፈትኜ ስመለስም አላባራም።